የልጅ መልክ፣ የዐዋቂ ነገር፦ ስለ ጃፓን የሚና ጨዋታዎች



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የጃፓንን የሚና ጨዋታዎች ሥዕል የተመለከተ ሰው ጭንቅላታቸው የገዘፈ፣ ዐይናቸው የሰፋ፣ እግራቸው ያጠረ ትንንሽ ሰዎችንና ፈገግ የሚሉ ጭራቆችን ያያል፤ «ይህስ የልጆች ነው» ብሎም ፊቱን ያዞራል። ለመሆኑ ሥራና ቤተሰብ ያለው ጎልማሳ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ከልቡ ሊደሰት ይችላልን? መልሴ ይችላል የሚል ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ካልተመረመረ መልሱ ብቻውን ብዙ አይጠቅመንም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

የሚና ጨዋታ የምንለው ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይዞ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዘ፣ ያገኛቸውን ሰዎች እያነጋገረ፣ ጠላትንም እየተፋለመ አንድን ረጅም ታሪክ እስከ ፍጻሜው የሚከተልበትን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ይህን ዓይነት በጃፓን ለብዙኃኑ ያስተዋወቀው «ድራጎን ክዌስት» በ1986 ለኒንቴንዶ ፋሚኮም ማሽን የወጣ ሲሆን፣ አሳታሚው ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ ነበር። ጨዋታውን የነደፈው ዩጂ ሆሪ ያን ጊዜ የ32 ዓመት ሰው ነበረ። ሥዕሉን የሠራው አኪራ ቶሪያማ 31፣ ሙዚቃውን የደረሰው ኮይቺ ሱጊያማ ደግሞ 55 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። እንግዲህ ሥራው ገና ከጅምሩ የዐዋቂዎች እጅ ያረፈበት ነው።

ታዲያ የልጅ መልኩ ከየት መጣ? የመጀመሪያው ምክንያት የማሽኑ ዐቅም ነው። በመንገድ ላይ የሚታየው የድራጎን ክዌስት ተጓዥ የተሣለው ቁመቱ 16፣ ወርዱም 16 ነጥብ በሆነ ካሬ ውስጥ ነበር፤ በድምሩ 256 ነጥብ መሆኑ ነው። የጎልማሳ ሰው ጭንቅላት ከመላ ቁመቱ ከሰባት ወይም ከስምንት አንዱን እጅ ያህል ይይዛል። ይህ ልክ ተጠብቆ ሰው በ16 ነጥብ ቁመት ቢሣል፣ ለጭንቅላቱ የሚደርሰው ሁለት ነጥብ ብቻ ይሆናል። በሁለት ነጥብ ላይ ደግሞ ዐይንም አፍም አይሣልም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ጭንቅላቱን የሰውነቱን ግማሽ እስኪያህል አገዘፉት፤ ፊት ከሌለ ስሜት የለም፣ ስሜት ከሌለም ታሪክ የለምና። በእኛ ዐይን ሕፃን የመሰለን ሰው እንግዲህ ፊቱ እንዲታይ ተብሎ የተሣለ ዐዋቂ ነው።

ይሁንና ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኖቹ ሲያድጉ መልኩም አብሮ በጠፋ ነበር። አልጠፋም። «ፋይናል ፋንታሲ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ስምንተኛው ጨዋታ በ1999 ሲወጣ ሰዎቹ እንደ እውነተኛ ሰው የተመጣጠነ ቁመና ነበራቸው። በ2000 የወጣው ዘጠነኛው ግን በዚያው ማሽን ላይ ሆኖ ወደ ትልቅ ጭንቅላትና ወደ አጭር እግር ተመለሰ። ይህ እጥረት ያስገደደው አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ምርጫ ነው። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ቪቪ የሚባል ትንሽ አስማተኛ አለ። ባርኔጣው ፊቱን ስለሚሸፍነው ከጨለማው ውስጥ ሁለት ቢጫ ዐይኖች ብቻ ይታያሉ። ቪቪ በጉዞው መካከል የሚደርስበት እውነት ከባድ ነው፤ ወገኖቹ ለጦርነት መሣሪያነት የተሠሩ ፍጡራን መሆናቸውን፣ ዕድሜያቸውም እጅግ አጭር መሆኑን ይረዳል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ፈላስፎች የሚጠይቁትን ነው፤ ሞቱ ቅርብ መሆኑን ያወቀ ፍጡር እንዴት ይኖራል? ጥያቄው ከትልቅ ሰው አፍ ቢወጣ ስብከት በመሰለን ነበር። ከትንሹ ቪቪ ሲመጣ ግን የምንከላከልበትን ጋሻ ሳናነሣ ያገኘናል።

ጃፓን ይህን መንገድ በቪዲዮ ጨዋታ አልጀመረችውም። ቡንራኩ የሚባለው የአሻንጉሊት ቲያትር ከጥንት ጀምሮ የዐዋቂዎች መድረክ ነው። ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን በ1703 በኦሳካ ያቀረበው የሶኔዛኪ ፍቅረኞች ተውኔት፣ የአንድ ሱቅ ሠራተኛና የአንዲት ሴተኛ ዐዳሪ አብሮ መሞትን የሚተርክ መራር ታሪክ ነው፤ የተጫወቱትም አሻንጉሊቶች ናቸው። ዛሬም ዋና ዋናዎቹን አሻንጉሊቶች ሦስት ሦስት ሰዎች በተመልካቹ ፊት ያንቀሳቅሷቸዋል። የእንጨቱ ፊት ብዙ አይለዋወጥም፤ የጎደለውን ሐዘን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ለእኛም ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የቅዱሳን ዐይን ከልክ በላይ የሰፋ ነው፤ ጻድቁ በሙሉ ፊት፣ ክፉው በአንድ ዐይን ወደ ጎን ይሣላል። ያንን ያየ ምእመን «ሠዓሊው ሰው መሣል አያውቅም» አይልም፤ ሥዕሉ የሚናገርበትን ቋንቋ ያውቃልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለዚህ በ1992 የወጣውን አምስተኛውን ድራጎን ክዌስት ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ታሪኩን ስለምገልጥ ያልተጫወታችሁት ይቅርታችሁን አትንፈጉኝ። ተጫዋቹ ጉዞውን የሚጀምረው ከአባቱ ጋር በሚዞር ትንሽ ልጅ ሚና ነው። ጠላት ልጁን ይዞ «ብትከላከል እገድለዋለሁ» ሲል፣ ኃያሉ አባት እጁን ሰብስቦ እየተመታ በልጁ ፊት ይሞታል። ልጁ ለዐሥር ዓመት በባርነት ይኖራል፣ ያመልጣል፣ ያገባል፣ መንታ ልጆችም ይወልዳል። ከዚያም ወደ ድንጋይ ሐውልትነት ይለወጥና በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ለስምንት ዓመት ይቆማል። ተጫዋቹ በዚህ ጊዜ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም፤ ወቅቶች ሲፈራረቁ፣ የሰው ልጅ በፊቱ ሲያድግ እያየ፣ የራሱ ልጆች ያለ እርሱ እያደጉ መሆናቸውን ማሰብ ብቻ ነው። በመጨረሻ አግኝተው ነፃ የሚያወጡት እነዚያው ልጆቹ ናቸው። ዓለምን የሚያድነው የተባለለት ጀግናም እርሱ ሳይሆን ልጁ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጨዋታ የዐሥር ዓመት ልጅ ሲጫወተው የልጁን ታሪክ ያነብባል፤ አባት ሞተ፣ መበቀል አለብኝ ይላል። የአርባ ዓመት ሰው ሲጫወተው የአባትየውን ታሪክ ያነብባል፤ ለልጄ ስል እጄን እሰበስብ ነበርን? በሥራና በርቀት ምክንያት እንደ ሐውልት የቆምኩባቸው ዓመታት ስንት ናቸው? የሕይወቴ ጀግና እኔ ሳልሆን የሚተካኝ ቢሆንስ? ሥዕሉ ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። ስለዚህ ዐዋቂው በእነዚህ ሥራዎች የሚደሰተው ወደ ልጅነቱ ስለተመለሰ ብቻ አይደለም። ልጅ ሊያየው የማይችለውን ስለሚያይም ነው።

በ1994 የወጣውና ሺጌሳቶ ኢቶይ የደረሰው «ማዘር 2» ደግሞ ይህን በአንዲት ትንሽ ሕግ ይፈጽመዋል። ከቤቱ የራቀው ልጅ ናፍቆት ይይዘዋል፤ ናፍቆት ሲይዘውም በውጊያ ላይ ይፈዝዛል። መድኃኒቱ ለእናቱ ስልክ መደወል ነው። አባቱም በጨዋታው ሁሉ በስልክ ድምፅ እንጂ በአካል አይታይም። ልጅ ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል፤ ከአገሩ ርቆ ለቤተሰቡ የሚደውል ሰው ግን ቀልድ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል።

በሌላው ወገን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ችላ ማለት አይገባም። አንደኛው ትዝታ ነው፤ ጃፓናዊው ጎልማሳ የሚደሰተው የልጅነቱን ጊዜ ስለሚያስታውሰው ነው ይባላል። ትዝታ ኃይል እንዳለው አይካድም፤ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ አትሌቶች ሲገቡ መጀመሪያ የተሰማው የድራጎን ክዌስት ዜማ ነበር። ነገር ግን የቪቪን ጥያቄ ለመረዳት በጃፓን ማደግ አያስፈልግም። ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ይከብዳል። እነዚህ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ ውጊያቸውም ይደጋገማል፣ ያሰለቻልም። ሆኖም አብዛኞቹ ነባር ሥራዎች በተራ የሚሄዱ ናቸው፤ ተጫዋቹ እስኪወስን ድረስ ማሽኑ ይጠብቃል። የጣት ፍጥነት አይጠይቁም፣ ትዕግሥትና ማሰብ ይበቃቸዋል። በየማታው ግማሽ ሰዓት እየተጫወቱ ረጅም ልብ ወለድ እንደሚነበብ ማንበብ ይቻላል።

ሦስተኛው፣ የልጅ መልክ ያለው ሁሉ ጥልቅ ነው ማለት እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። ለልጆች ብቻ የተሠራ፣ ለዐዋቂ የሚተርፍ ነገር የሌለው ብዙ አለ። በሽፋኑ ላይ የሚታተመው «ለሁሉም ዕድሜ» የሚል ምልክትም በይዘቱ ሕፃናትን የሚጎዳ ነገር አለመኖሩን እንጂ ሥራው ለማን እንደተጻፈ አይናገርም። ፍርዱ ከሽፋኑ ሳይሆን ከታሪኩ መነሣት አለበት።

ይህ ክርክር ከመዝናኛ ምርጫ ያልፋል። ወላጅ «የልጆች ነው» ብሎ ማሽኑን ለልጁ ሰጥቶ ሲሄድ፣ ልጁ የአባትን ሞት፣ ባርነትንና መለየትን ብቻውን ያገኛቸዋል። ያየውን የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ አዋቂውም ልጁ ምን እንዳየ አያውቅም። አጠገቡ ቢቀመጥ ግን በአንድ ሥዕል ፊት ሁለት ዕድሜዎች ይነጋገራሉ፤ ልጁ መንገዱን ያሳያል፣ ወላጁ ትርጉሙን ይጠይቃል። እነዚህ ጨዋታዎች ለማን ተሠሩ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።