በውስጥ እግር ላይ ስለሚወጣው ጥቁር ነቀርሳ

በኩታበር ደጋ በባዶ እግር የምታርሱ ወገኖቼ ሆይ፣ ሜላኖማ የተባለው ብርቱ የቆዳ ነቀርሳ በፈረንጆች ዘንድ ፀሐይ በሚመታው ገላ ሲበዛ፣ በእኛ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር እየወጣ፣ እሾህ የወጋው ቁስል መስሎ ያዘናጋል።

በ1984 ዓ.ም. ተመራማሪው ቲዬሪ ቡንና ባልደረቦቹ በብራስልስ ያገኙት፣ በጤናማ ጎልማሳ አካል ከወንድ የዘር ፍሬ በቀር በማኅተም እንደ ታሸገ መጽሐፍ ዝም የሚለው ሜጅ የተባለው ጂን፣ በብዙ ሜላኖማ ውስጥ ይከፈትና የፕሮቲኑ ቁራሽ በሕዋሱ ገጽ ሲገለጥ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕድነቱን ለይተው ይገድሉታል፤ የዘር ፍሬው ሕዋሳት ግን ቁራሹን በገጻቸው ስለማያሳዩ ይድናሉ፤ ይህ ጥበብ እጅግ ያስደንቀኛል። በዚሁ ዕውቀት የተሠራው የሜጅ ኤ 3 ክትባት በታላቅ ሙከራ የተጠበቀውን ፈውስ አላስገኘም። ስለዚህ በውስጥ እግራችሁ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ብታዩ፣ ሳይሰራጭ ተቆርጦ እንዲወጣ ፈጥናችሁ ወደ ደሴ ሆስፒታል ውረዱ።