ሁለት አስ ይዘን ተሸነፍን፦ ሁሉን "ኮል" በሚል ሰው ላይ ስንት ማስያዝ ያዋጣል?

ሰሞኑን አንድ ማታ ሦስታችን ስልካችንን ይዘን በነጻ ቺፕ ፖከር ስንጫወት፣ አንዳችን ሁለት አስ ደረሰው። በቴክሳስ ሆልደም ሲጀመር ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች ከዚህ የሚበልጥ የለም። ልጁ ግን "ሰዉ እንዳይሸሽ" ብሎ ትንሿን ሬይዝ ብቻ አደረገ። መነሻው 100 ነበር፣ እሱ 200 አለ። አምስት ሰው ኮል ብሎ ገባ። ጠረጴዛው ላይ 9፣ 7 እና 4 ወጣ። አሁንም ትንሽ አስያዘ፣ አሁንም ተከተሉት። መጨረሻ ላይ 7 እና 4 ይዞ የገባ ሰው በሁለት ጥንድ ጠራርጎ ወሰደው።

"በ7 እና በ4 የሚገባ ምን ዓይነት ሰው ነው!" ብሎ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። እኛም አብረነው ተናደድን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥፋቱ የሰውየው አልነበረም። 200 ብቻ ከተጠየቀ ማን ይቀራል? ርካሽ ዋጋ የለጠፍነው እኛ ነን።

ዛሬ የምናወራው ስለዚች ዋጋ ነው። ጠንካራ ካርታ ይዛችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ደሞ ሁሉን ኮል የሚል ሰው ተቀምጦ ስንት ማስያዝ አለባችሁ?

ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ እንንገራቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የተደበቀ ካርታ ይታደላል። መሃል ላይ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ ሦስት አንድ ላይ፣ እሱ ፍሎፕ ይባላል፤ ከዚያ አንድ፣ ተርን፤ በመጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። ፍሎፕ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ካርታ በተገለጠ ቁጥር ማስያዝ አለ። መሃል ላይ የተከማቸው ቺፕ ፖት ነው። ከሰባቱ ካርታ ምርጥ አምስት የሠራ ይወስደዋል፣ ወይም ሌላው ሁሉ ፎልድ ብሎ ከወጣ የቀረው ሰው።

"ልቅ ተጫዋች" የምንለው ደግሞ የመጣለትን ካርታ ሁሉ ይዞ የሚገባውን፣ ከገባ በኋላ ደግሞ "እስቲ ልየው" እያለ የማይወጣውን ነው። የነጻ ቺፕ መተግበሪያዎች በዚህ ዓይነት ሰው የተሞሉ ናቸው። ከ2007 ጀምሮ በፌስቡክ የታወቀውን ዚንጋ ፖከርን ውሰዱ፤ ቺፑ ወደ ገንዘብ አይቀየርም፣ ሲያልቅ ደሞ ሌላ ነጻ ቺፕ ይመጣል። ታዲያ ማን ፎልድ ይላል? ፎልድ ማለት ቁጭ ብሎ ሌላው ሲጫወት ማየት ነው እኮ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

ፍሎፕ ሲወጣ ፖቱ ውስጥ 100 ቺፕ አለ እንበል። እናንተ ጠንካራ ካርታ ይዛችኋል፣ አንድ ልቅ ሰው ብቻ ቀርቷችኋል፣ እስከ መጨረሻም ይከተላችኋል። በየዙሩ የፖቱን ግማሽ ብታስይዙ መጀመሪያ 50 ትላላችሁ፣ እሱም 50 ይጨምራል፣ ፖቱ 200 ይሆናል። ቀጥሎ 100፣ ፖቱ 400። መጨረሻ 200። ከሰውየው ኪስ በጠቅላላ 350 ወጣ።

አሁን ደግሞ በየዙሩ ፖቱን ሙሉ አስይዙ። መጀመሪያ 100፣ ፖቱ 300 ይሆናል። ቀጥሎ 300፣ ፖቱ 900። መጨረሻ 900። ሰውየው የከፈለው 1,300!

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በየዙሩ ያስያዝነው ከፖቱ አንጻር እጥፍ ብቻ ነው፤ የሰበሰብነው ግን ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ዙር የቀደመው ዙር ባሳደገው ፖት ላይ ነው የሚቆመው። ፍሎፕ ላይ የተሳሳተች 50 ቺፕ ሪቨር ላይ የብዙ መቶ ልዩነት ሆና ትመጣለች። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ብቻ ትልቅ ለማስያዝ ይጠብቃል። ያኔ ግን ፖቱ ራሱ ትንሽ ሆኖ ነው የሚያገኘው።

"ትልቅ ካስያዝኩ ይሸሻል" የሚለው ፍርሃትስ? ይሸሻል፣ አንዳንዴ። ግን ስንት ጊዜ ቢሸሽ ነው የምንከስረው? በግማሽ ፖት ሁሌም እስከ መጨረሻ ቢከተለን 350 ነው የምናገኘው። በሙሉ ፖት ከሦስት ጊዜ አንዴ ብቻ እስከ መጨረሻ ቢከተለን እንኳ በአማካይ 433 ይደርሰናል። ይሄ እንግዲህ በሌሎቹ ሁለት ጊዜያት መንገድ ላይ ጥሎልን የሄደውን ሳንቆጥር ነው። በርግጥ ካርታችን እስከ መጨረሻ ማሸነፉን ወስደን ነው ያሰላነው።

ልቅ ሰው ደሞ ዋጋ ላይ ብዙም አይጨነቅም። እሱ የሚያየው የራሱን ካርታ ነው። ጥንድ ካለው ይከተላል፣ ሊሞላ የቀረበ ነገር ካለው ይከተላል፣ ምንም ከሌለው ለ50ም ለ100ም ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ማስያዝ የሚያመጣው ሰው የለም፤ የሚመጣውን ሰው በቅናሽ ማስገባት ብቻ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ፍሎፕ ላይ ሁለት የልብ ካርታ ወጣ፣ ሰውየውም በእጁ ሁለት ልብ ይዟል እንበል። አምስተኛ ልብ ከመጣለት ፍላሽ ሠርቶ ያሸንፋችኋል። እሱ ካላያቸው 47 ካርታዎች ውስጥ 9ኙ ልብ ናቸው፤ በሚቀጥለው ካርታ የመምታት ዕድሉ 19 በመቶ ግድም ነው። ፖቱ 100 ሆኖ 25 ብታስይዙ፣ እሱ 125 ለማግኘት 25 ይከፍላል። እንዲያዋጣው 17 በመቶ ገደማ ዕድል ይበቃዋል። 19 አለው። አያችሁ? ሳያስብ ኮል ብሎ ትክክል ሠራ። ትክክል ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። 50 ብታስይዙ 25 በመቶ ያስፈልገዋል፣ 100 ብታስይዙ 33። ያው ሰው፣ ያው ካርታ፣ ያው ኮል አሁን ስህተት ሆነ። ከመታለት በኋላ ተጨማሪ ሊወስድባችሁ ይችላል፣ እሱን አንክድም። ለዚህም ነው ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛዋ ልብ ስትወጣ ዝም ብሎ መክፈል የማይመከረው።

ዴቪድ ስክላንስኪ የሚባል አሜሪካዊ የፖከር ጸሐፊ ይህንን ሐሳብ የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ ብሎታል፦ ተጋጣሚያችሁ ካርታችሁን ቢያይ ኖሮ የማያደርገውን ነገር ባደረገ ቁጥር እናንተ ታተርፋላችሁ። ልቅ ሰው ይህን ስህተት በነጻ ነው የሚሠራላችሁ። የናንተ ሥራ ስህተቱን ውድ ማድረግ ነው።

ወደ ሁለቱ አሶች እንመለስ። ሁለት አስ አንድ የዘፈቀደ ካርታ የያዘ ሰው ላይ 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። ሦስት ሰው ላይ ወደ 64 ይወርዳል። አምስት ሰው ላይ 49! ማለትም ያ ማታ ጓደኛችን ከዓለም ምርጡን ካርታ ይዞ፣ ከመጀመሪያውም የመሸነፍ ዕድሉ ከማሸነፍ በጥቂቱ በልጦ ነበር። ጠንቃቃ ሰዎች ባሉበት ጠረጴዛ የመነሻውን ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ሬይዝ ማድረግ በቂ ነው። ልቅ ጠረጴዛ ላይ አምስት እጥፍ፣ ቀድሞ ኮል ብሎ የገባ ሰው ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መነሻ ጨምሩ። ያም ሆኖ ሁለት ሰው ከተከተላችሁ ቅር አይበላችሁ። የፈለጋችሁት እሱን ነው።

"ሁሌ ጠንካራ ስንይዝ ብቻ ትልቅ ካስያዝን አይነቁብንም?" ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚያስብ ሰው ላይ ይነቃል። በጥር 2017 በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም፣ ከአራት ፕሮፌሽናሎች ጋር በ20 ቀን 120,000 ዙር ተጫውቶ ረታቸው። ሰዎቹን ካስቸገሯቸው ነገሮች አንዱ የፖቱን ብዙ እጥፍ ማስያዙ ነበር፤ ምርጥ ካርታ ሲይዝም፣ ባዶ እጁን ሲሆንም እንዲሁ ያደርጋል። የትኛው እንደሆነ መለየት ከበዳቸው። ልቅ ሰው ላይ ግን ይሄ ሁሉ ድብቅብቆሽ ትርፉ ድካም ነው። እሱ ካርታችሁን ለመገመት አልተቀመጠም። ባዶ እጃችሁን ልታስፈራሩት አትሞክሩ፣ አይፈራም። ስትይዙ አስከፍሉት፣ ካልያዛችሁ ተዉት።

የሚቀጥለውን ግን ልብ በሉ። ልቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዝም ብሎ የሚከተለው፣ እስካሁን ያወራንበት ነው። ሁለተኛው ራሱ እየደጋገመ የሚያስይዘው፣ ሬይዝ ቁልፏ ላይ ተኝቶ የሚያድር ነው። ለሱ ቼክ ብላችሁ መንገዱን ልቀቁለት፣ ራሱ ይከፍላችኋል።

መቀዝቀዝ ያለባችሁስ መቼ ነው? ያ ዝም ብሎ ሲከተል የነበረው ሰውዬ ሪቨር ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረገ። ይሄን ምልክት እኛ ብዙ ጊዜ በክፉ ተምረነዋል። ሲከተል የነበረ ሰው ባዶውን አይነሳም፤ አንድ ጥንዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ አስም ቢሆን። ደሞ "ጠንካራ" ስንል ልክ አለው። ሪቨር ላይ ሁለት ጥንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ፍላሽ ወይም ተከታታይ ቁጥር የሚያስፈራ ነገር ከሌለ፣ ፖቱን ሙሉ አስይዙ። አንድ ከፍተኛ ጥንድ ብቻ ከሆነ ከፖቱ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይበቃል፤ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ኮል መባላችን ሳይሆን ኮል ከተባልን በኋላ ከግማሽ ጊዜ በላይ ማሸነፋችን ነው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው በብዙ መቶና ሺህ ዙሮች አማካይ ነው። በአንድ ማታ 85 በመቶውም ይሸነፋል። የእውነት ገንዘብ በሚያጫውቱት ደግሞ ድርጅቱ ከየፖቱ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፣ ስለዚህ እኩል የሚጫወቱ ሰዎች ሁለቱም ቀስ እያሉ ይከስራሉ። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ብር ይዛችሁ "ሒሳቡን አውቄዋለሁ" ብላችሁ እንዳትገቡ። በነጻ ቺፕ ሞክሩት፣ ቺፕ ግዙ የሚለውን ማስታወቂያ ዝጉት።

ከዚያ ማታ በኋላ አንድ ነገር አደረግን። የተሸነፈው ጓደኛችን በቀጣዮቹ 50 ዙሮች ስንቴ በፈቃዱ ቺፕ ከትቶ እንደገባ በወረቀት ላይ እየጫርን ቆጠርን። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጥሩ የሚጫወቱ ሰዎች ከአራት ዙር አንዱን፣ ከአምስትም አንዱን ነው የሚገቡት። ከ50 ዙር 10 ወይም 13 ማለት ነው። የሱ 31 ሆነ። ወረቀቱን አየት አደረገና "ቆይ፣ ያ በ7 እና በ4 የገባው ሰውዬ ስለኔ ምን እያለ ይሆን?" አለን።