ስለ ጠብ፤ ቀርቦ መነጋገር ወይስ ትቶ መሄድ

ሰው ሆኖ ከዘመዱ ጋራ ከቶ ያልተጣላ አይገኝም። የተጣላ ሰው ግን ፊት ለፊት ቀርቦ ይነጋገር ወይስ ትቶ ይሂድ? ይህን ነገር በችሎት ጸሐፊነቴ ካየሁት ጥቂት ልጽፍላችሁ አሰብሁ።

ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ያለው የሱሉልታ ሜዳ የሣርና የወተት አገር ነው። በዚያ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የሣር ድንበር ተቀያየሙ። ታላቁም ጠብ እንዳይበረታ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በአምቦ መንገድ ወዳለችው ወደ ቡራዩ ሄዶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ትዕግሥቱን አመሰገነ፤ እኔም ካመሰገኑት አንዱ ነበርሁ። እርሱ በሞተ ጊዜ ግን ልጆቹ አጎታቸውን ከሰሱ። ድንበሩን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች የሚበዙት ዐርፈው ነበርና፣ ልጆቹ ይዘውት የቀረቡት ማስረጃ የአባታቸው ኩርፊያ ብቻ ነበር።

አብርሃምና ሎጥም በእረኞቻቸው ጠብ ምክንያት ተለያይተዋል። ነገር ግን አብርሃም ዝም ብሎ አልሄደም፤ አስቀድሞ ነገሩን ገልጦ ተናገረ፤ ምርጫውንም ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። ሎጥ በተማረከም ጊዜ ሊያስጥለው ወጣ።

በአገራችንም ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ፣ አካሄዷ ሽማግሌ ላክ ማለት እንደሆነ ባል ያውቀዋል። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለ የክብር በትር አላት፤ ክብሯ በተደፈረ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከቤታቸው ይወጣሉ፤ እስኪካሱም አይመለሱም። እንዲህ ያለው መውጣት ከመጋፈጥ የሚበልጥ መጋፈጥ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመ፤ እነርሱም ነገር የሚሰሙት ሁለቱ ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታም በዚሁ ክልል ናቸው።

ሽማግሌም ቢሆን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በሰበታ አንዲት ሴት በባሏ እየተደበደበች ሁለት ጊዜ ሸሸች፤ ሽማግሌዎችም ሁለት ጊዜ አስታርቀው መለሷት። ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ክፋትም አላሰቡም። በሦስተኛው ጊዜ እጇ ተሰብሮ ወደ ችሎት መጣች። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደረገውን ድብደባ ወንጀል ብሎታል፤ እንዲህ ካለው ቤት የምትወጣውን ሴት ተመለሽ ማለት እርቅ አይደለም።

የወንድማማቾቹ ነገር በኋላ ከችሎት ወጥቶ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ታናሹ አሁን ሸብቷል። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ስለ ሣሩ አንዳች አልተናገረም። «ወንድሜ ምነው አንድ ቀን መጥቶ በተቈጣኝ!» ብሎ አለቀሰ፤ የወንድሙም ልጆች ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።