በካርቱም አየር ስለሚሠራ የቤት ዕቃ

በካርቱም አየሩ እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ፣ ቁም ሣጥን ወይም ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው ከቅቡ ውበት አስቀድሞ የእንጨቱን መድረቅ ይመርምር። ከ1899 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የእንግሊዝና የግብፅ አገዛዝ በወንዙ ዳር ለጥላ የተተከለው ማሆጋኒ ቀላ ያለ መልካም እንጨት ይሰጣል። ሱንት የሚባለው ግራር ግን ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለጀልባ፣ እንዲሁም የእኛን የጠፍር አልጋ ለሚመስለው አንገረብ ይውላል።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም ሳይሆን በስፋቱ ይኮማተራል። ስለዚህ ብልህ አናጢ የመዝጊያውን ሰሌዳ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ሙጫ ይሰካዋል፤ ዙሪያውን በሙጫ የታሰረ ሰሌዳ መሰንጠቁ አይቀርም።

ከጥቃቅን ነፍሳት የሚገኘው ሼላክ በአልኮል ተበጥብጦ በጨርቅ ደጋግሞ ሲቀባ እጅግ ያምራል፤ ሆኖም ትኩስ ስኒ ያረፈበት ቦታ ነጭ ክብ ያወጣልና ለምግብ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ይሻላል። ኮርዶፋን የታወቀበት የግራር ሙጫ በውኃ ስለሚሟሟ ለዚህ አይሆንም።

ማናቸውም ቅብ የእርጥበትን መውጣትና መግባት ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። ፊቱ ብቻ የተቀባ ሰሌዳም ይጣመማልና ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጠረጴዛውን ገልብጦ ታቹን ይመልከት።