የብርዱን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን የጥር ወር የጋዝ ቢል ሲደርሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ኩባንያውን ነው። ቀጥሎ ማሞቂያውን ከፍ ያደረገውን የቤቱን ሰው። መስኮቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ግን መኖሪያ ቤቶች ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ከሚያወጡት ኃይል ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በመስኮት በኩል በሚገባና በሚወጣ ሙቀት ሰበብ ነው።

ታዲያ መስኮቱ ለምን አይጠገንም? መስኮቱ የአከራዩ፣ ቢሉ የተከራዩ ስለሆነ ነው። አከራዩ አዲስ መስኮት ቢያስገባ ገንዘቡ የሚወጣው ከእሱ ኪስ፣ የሚቀንሰው ግን የሌላ ሰው ወጪ ነው። ተከራዩም ነገ ለሚለቀው ቤት መስኮት አይገዛም። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ ብርዱ ግን ይገባል። ማሞቂያው በኪራይ ውስጥ የተካተተ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተከራዩ ሲሞቀው ማሞቂያውን ከመቀነስ ይልቅ መስኮቱን ይከፍታል።

ከዚህ እሰጥ አገባ ውጭ የሆነ አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፤ በየሃርድዌር መደብሩ የሚሸጠው ስስ ላስቲክ። በባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ከውስጥ በኩል በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ ይለጠፋል፤ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ነፋሱን ይዘጋል፤ በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል የሚታሰረው አየርም ሙቀቱ በቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል። ፍሬሙ አስቀድሞ ተወልውሎ ካልደረቀ ግን ማጣበቂያው ክረምቱ ሳይጋመስ ይለቃል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ በብርዱ ወራት ለማሞቂያ 800 ዶላር ያወጣል፣ ላስቲኩ 20 ዶላር ይፈጃል፣ የሚቆጥበውም 5 በመቶ ብቻ ነው እንበል። 40 ዶላር ተረፈ ማለት ነው፤ ዋናው በአንድ ክረምት ተመልሶ ሌላ 20 ዶላር ያተርፋል። አሁን ደግሞ አራት መስኮቶችን እያንዳንዳቸውን በ700 ዶላር እንቀይር። ቁጠባው እጥፍ ሆኖ በዓመት 80 ዶላር ቢደርስ እንኳ 2,800 ዶላሩ የሚመለሰው በ35 ዓመት ነው። «መስኮት ቀይሩ፣ ቢላችሁ ራሱን ይከፍላል» የሚል ሻጭ ይህን ስሌት አያሳይም። አዲስ መስኮት ለምቾት፣ ለጸጥታና ለቤቱ ዋጋ ሊገዛ ይችላል፤ ለቢል ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም። ለመስኮት እስከ 600 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽም እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

የመንግሥቱ አሠራርም ያው ችግር አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ ከነዳጁ ቀውስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ቤት ከብርድ የሚከላከል ፕሮግራም አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ቢል በመክፈል የሚያግዘው ፕሮግራም መጣ፤ ዛሬ በመደበኛው ዓመታዊ በጀት ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ቢል መክፈል ለችግረኛ የግድ ነው፤ ስንጥቁን ሳይደፍኑ በየዓመቱ ቢል መክፈል ግን የሕዝብን ገንዘብ በመስኮት ማስወጣት ነው።

ከቁጠባው የሚቀድም አንድ ነገር አለ። በታሸገ ቤት ውስጥ ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል ማንደድ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ጋዝ የሚጠቀም ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ በእሳት አደጋ ጊዜ መውጫ የሚሆን የመኝታ ቤት መስኮትም በቀላሉ የሚከፈት መሆን አለበት።

ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ የማይበልጥ ተከራዮች በ1976ቱ ፕሮግራም ቤታቸውን በነጻ ለማሳሸግ ማመልከት ይችላሉ፤ የአከራዩ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ተራው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ብርዱ ሳይገባ አሁኑኑ ያመልክቱ፤ እስከዚያው ላስቲኩን ይለጥፉ።