ያልታዘዘ ማዕድ፦ ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ቦሌ ላውንጅ

ላውንጅ በአየር ማረፊያ ሕንፃ ውስጥ ከአጠቃላዩ የመንገደኞች መጠበቂያ ተለይቶ፣ የከፍተኛ ማዕረግ ትኬት ለያዙ ወይም በአየር መንገዱ የደንበኝነት መዝገብ የተወሰነ ደረጃ ላይ ለደረሱ ሰዎች የተዘጋጀ ማረፊያ ሲሆን፣ ከወንበሩና ከጸጥታው ይልቅ ስሙ የሚነሣውም የሚወድቀውም በሚያቀርበው ምግብ ነው። ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ማዕረግ ከአንደኛ ማዕረግ ዝቅ፣ ከኢኮኖሚ ከፍ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በበርካታ አየር መንገዶች ዘንድ መለመድ የጀመረ ነው፤ በዚህ ማዕረግ ወንበሩ፣ የሻንጣው ፈቃድ፣ ላውንጁና ማዕዱ በአንድ ዋጋ ተጠቅልለው ስለሚሸጡ፣ መንገደኛው ለምግቡ ምን ያህል እንደከፈለ አያውቅም። አየር መንገዱ ግን እያንዳንዱ ሳህን ስንት እንደሚያስወጣው ያውቃል። የላውንጅ ምግብ ከዓመት ዓመት እየወረደ ሄደ የሚለው፣ በብዙ አገር የሚሰማው ቅሬታ ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት ከዚህ ልዩነት መነሣት ይገባል።

በአዲስ አበባ ይህ ማዕድ አጥብቆ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል የኮልፌ ቀራንዮ ነጋዴ ቀድሞ ሊነሣ ይችላል። ክፍለ ከተማው በከተማዋ ምዕራብ ጫፍ፣ ቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በመሆናቸው፣ ከአየር ጤና፣ ከአጠና ተራ ወይም ከቤቴል የተነሣ መንገደኛ ከተማዋን ማቋረጥ ይኖርበታል፤ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ቀላል ባቡርም ወደ አያት እንጂ ወደ ኤርፖርቱ አይሄድም። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረስ ስለሚጠበቅ፣ የጠዋት በረራ ያለው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ይወጣል፤ እህል ሳይቀምስ የወጣ ሰው ደግሞ ላውንጅ ሲደርስ የሚፈልገው ብስኩትና ጭማቂ ሳይሆን ደህና ቁርስ ነው። የድሮ መንገደኛ ይህን ችግር በስንቅ ይፈታው ነበር። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው የሚዘጋጀው የተጓዡን ጠባይ፣ የመንገዱን ርዝመትና የወቅቱን ጾም ፍስክ በሚያውቅ እጅ ሲሆን፣ የላውንጅ ምግብ ግን ማን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣና ምን እንደሚወድ ሳይታወቅ የሚዘረጋ፣ በላተኛው ያላዘዘው ማዕድ ነው፤ ድክመቱም ብርታቱም ከዚህ ባሕርዩ ይቀዳል።

ላውንጅ ሲጀመር የብዙ ሰው ማረፊያ እንዲሆን አልታሰበም። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የአሜሪካን ኤርላይንስ አድሚራልስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ላጋርዲያ አየር ማረፊያ ሲከፈት፣ የሚገባበት አየር መንገዱ ራሱ መርጦ የጋበዘው ሰው ብቻ ነበር። በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በአየር መንገዶች ማኅበር ስምምነት የተወሰነ ስለነበር፣ ኩባንያዎቹ በዋጋ መወዳደር ሲያቅታቸው በምግብ መወዳደር ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኞቹ ከተፈቀደው በላይ የተንቆጠቆጠ ሳንድዊች አቅርቧል ተብሎ ተከስሶ መቀጣቱ፣ ምግብ በዚያ ዘመን ምን ያህል የንግድ መሣሪያ እንደነበር ያሳያል። በአውሮፕላን መሄድ ግን ገና የጥቂቶች ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአገር ውስጥ በረራ ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ሲወጣ ውድድሩ ወደ ትኬት ዋጋ ዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ምግብ ከመሣሪያነት ወደ ወጪነት ተለወጠ። የአሜሪካን ኤርላይንስ መሪ የነበረው ሮበርት ክራንዶል ከእያንዳንዱ ሰላጣ አንድ የወይራ ፍሬ አስቀንሶ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አተረፈ እየተባለ እስከ ዛሬ በዘርፉ የሚነገረው ታሪክ የዚህ ለውጥ ምሳሌ ነው፤ አንዲት ፍሬ መቅረቷን የሚያስተውል በላተኛ የለምና።

ማዕዱን ከወጪ ቅነሳው ይበልጥ የጎዳው ግን የሚገባው ሰው ብዛት ነው። ወደ ላውንጅ የሚያስገቡት በሮች ዛሬ ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው የቢዝነስ ትኬት፣ ሁለተኛው የደንበኝነት ደረጃ፣ ሦስተኛው የባንክ ወይም የአባልነት ካርድ ነው። ሁለተኛውን ለማስረዳት ከኮልፌ ነጋዴ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከመርካቶ ጋር በሚጎራበተው በዚህ ክፍለ ከተማ የሚኖርና ዕቃ ለማምጣት ወደ ጓንዡ ወይም ወደ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ዘወትር የሚገዛው የኢኮኖሚ ትኬት ቢሆንም፣ የተጓዘበት ርቀት በሼባ ማይልስ፣ ማለትም በኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች መዝገብ፣ እየተጠራቀመለት ወርቅ ደረጃ ሲደርስ ላውንጅ የመግባት መብት ያገኛል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አልያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች ዘንድ ወርቅ ደረጃ ያላቸው መንገደኞችም፣ በኅብረቱ ደንብ መሠረት፣ አንድ እንግዳ አስከትለው ቦሌ ላይ መስተናገድ ይችላሉ። ሦስተኛው በር እ.ኤ.አ. በ1992 እንደተመሠረተው ፕራዮሪቲ ፓስ ባሉ ካርዶች የተከፈተ ሲሆን፣ ካርዱን ተቀብሎ የሚያስተናግደው ድርጅት ለአንድ ገቢ ሰው የሚከፈለው ቁርጥ ያለ ገንዘብ በመሆኑ፣ ትርፉን ማስፋት ከፈለገ ሊነካው የሚችለው ሳህኑን ብቻ ነው። ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 በካርድ ለሚገቡ ሰዎች ገደብ እንደሚያበጅ ሲያስታውቅ የገጠመው ቁጣ ውሳኔውን በከፊል እስከማለዘብ አድርሶታል፤ አንዴ የተከፈተ በር መልሶ መዝጋት ቀላል አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቦሌ ላይ ብዛቱ በሰዓትም የተከማቸ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎቹን የሚያዘጋጀው በማዕበል ነው ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ አህጉራት ማለዳ የሚደርሱት መንገደኞች ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፣ ከአፍሪካ ከተሞች አመሻሽ ላይ የሚመለሱት ደግሞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ እስያ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። አሠራሩ አንዱን በረራ ከሌላው ጋር ለማገናኘት የተመቸ ቢሆንም፣ ክላውድ ናይን በሚል ስም የሚታወቀውን የቢዝነስ ማዕረግ ላውንጅ ለሰዓታት ጭር አድርጎ ያቆይና በአንድ ጊዜ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የመንገደኞች ሕንፃ ማስፋፊያ የኤርፖርቱን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን ሰው ከፍ አድርጎታል፤ በማዕበሉ ጫፍ ላይ የሚቀርብ ምግብ ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት በብዛት ተሠርቶ መጠበቅ ይኖርበታል፤ መጠበቅ ደግሞ የምግብ ጠላት ነው።

ምግቡ የሚጠብቅበት መንገድ ራሱን የቻለ ሙያ አለው። የመንገደኞች ሕንፃ ቦታው ውድ፣ ክፍት እሳትና ጭስም የማይወደድበት በመሆኑ፣ በብዙ ላውንጆች ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ክፍል ማሞቂያና ማሰናጃ እንጂ ማብሰያ አይደለም፤ ምግቡ የሚሠራው ኬተሪንግ በሚባለው የጅምላ ወጥ ቤት ሲሆን፣ በስሎ በፍጥነት ይቀዘቅዝና ተጭኖ መጥቶ እንደገና ይሞቃል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ መራቢያ ስለሚመች፣ የቡፌው ትሪ በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሪክ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ጤናን ይጠብቃል፣ ጣዕምን ግን አይጠብቅም፤ የተጠበሰ እንቁላል ውኃ ይቋጥርና እንደ ጎማ ይሆናል፣ ሥጋ ጥብስ ይደርቃል፣ አትክልት ቀለሙን ይለቃል። በአዲስ አበባ የቦታው ከፍታ ሌላ ፈተና ይጨምራል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህም ፓስታውና ባቄላው በሌላ አገር መጽሐፍ የተጻፈላቸው ደቂቃ አይበቃቸውም። በሰማይ ላይ ለሚበላ ምግብ ጣዕም ቢያንስ የካቢኑ ድርቀትና የአየር ግፊት ማነስ ለአየር መንገዶች ማመካኛ ይሆናቸዋል፤ የኮልፌ ሰው ግን ሳይበርም በአውሮፕላን ካቢን ከፍታ ነው የሚኖረው። እንዲያውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ካቢኑን በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ በሚኖረው ግፊት ስለሚይዘው፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ወደ ሰማይ ሲወጣ ለጆሮውና ለምላሱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ የወረደ ያህል ነው።

እዚህ ላይ የአገሩ ምግብ ከፈረንጁ ቡፌ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ወጥ መቆየትን የሚችል፣ አንዳንዴም የሚፈልግ መሆኑ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት፣ ማለትም ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት ከበርበሬውና ከንጥር ቅቤው ጋር ተዋሕዶ የሚቁላላበት መሠረት፣ በትሪ ላይ ለሰዓታት ቢቆይ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ምስር ወጥም እንዲሁ። ሁሉም የአገር ምግብ ግን ይህ ጠባይ የለውም። ሽሮ ይረጋል፣ ፍርፍር ይላላል፣ ክትፎ ለብ ለብ ከተደረገበት ቅጽበት አልፎ መቆየት አይችልም፣ እንጀራ ደግሞ ክፍት ሲተው ይደርቃል፣ ሞቆ ሲሸፈን ያልበዋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በአዲስ አበባ የሚዘረጋ ቡፌ ፓስታና ኦሜሌት አሳምሮ ለማቅረብ ከሚደክም ይልቅ ወጡን ቢያስቀድም ድካሙ ያንሳል፣ ማዕዱም ይሻላል። ጾምም ሊታሰብበት ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጠብቀው ኦርቶዶክሳዊ ከእንስሳት ተዋጽኦ ሲከለከል፣ በኮልፌ ነጋዴዎች መካከል ብዛት ያለው ሙስሊም ሥጋው ሐላል መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነካም። ምስርና ጎመን የተገኘበት ማዕድ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ ወጪውም ከሥጋ ያነሰ ስለሆነ ከላይ የተጠቀሰው የሳህን ሒሳብ ከጥራት ጋር የማይጣላበት ብርቅ ቦታ ይህ ነው።

ከቡፌው አሠራር ጨርሶ የወጣው አንድ ነገር ቡና ነው። በቦሌ ላውንጅ ቡና በባህላዊው ሥርዓት የሚፈላበት ቦታ አለ፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና ፈልቶ በሲኒ እስኪቀዳ ድረስ ሁሉም ነገር በእንግዳው ፊት ይከናወናል። ሩቅ ባለ ወጥ ቤት አብስሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ጭኖ ማምጣት ስለማይቻል፣ በጅምላ ከማብሰል የሚመጣው ጉዳት አይነካውም፤ ኢስታንቡል ያለው የቱርክ አየር መንገድ ላውንጅ ምግብ አብሳዮቹን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥቶ በእንግዳ ፊት እንዲሠሩ ማድረጉም በዚሁ ስሌት ነው። ጉድለቱ አንድ ጀበና የሚሞላው ጥቂት ሲኒ ብቻ መሆኑ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ሕዝቡ ሲበዛ ረከቦቱን የከበቡት ይደርሳቸዋል፣ የቀሩት ማሽኑ ወደ ቆመበት ጥግ ይሄዳሉ፤ ሥርዓቱ አቦል፣ ቶናና በረካ ብሎ ሦስት ጊዜ ቢቀዳም፣ አቦሉን የጠጣው ነጋዴ ቶናው ሳይቀዳለት የጓንዡ በረራ መሳፈሪያ በር ይጠራል።