ጉድለት የተገኘበትን ያገለገለ መኪና ለሻጩ መመለስ

በጎፋም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ያገለገለ መኪና ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ የሞተር ወይም የካምቢዮ ጉድለት ያገኘ ሰው፣ መኪናውን ለመመለስ ከመወሰኑ በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሊያጤን ይገባል። ሕጉ ሻጩን ለድብቅ ጉድለት፣ ማለትም ገዢው በተገቢው ምርመራ ሊደርስበት ለማይችል እንከን፣ ዋስ ሲያደርገው፣ ገዢው እያወቀ ለገዛው ወይም በግልጽ ለሚታየው ጉድለት ግን ተጠያቂ አያደርገውም። በውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ቃል መስፈሩ ብዙ ገዢዎችን ያለ በቂ ምክንያት ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ይህ ቃል አያድነውም፣ ምንም እንኳ ማወቁን ማስረዳት ከሁሉ የከበደ ቢሆንም። ስለዚህ ገዢው ሞተሩን ከማስፈታቱ በፊት መኪናውን በመካኒክ አስመርምሮ፣ ውጤቱን ሳይዘገይ በጽሑፍ ለሻጩ ያስታውቅ።